እህቴ ያልገባችበት በር

ይቅር በይ ያላለኝ ሰው የለም። እናቴ ብላኛለች፣ የንስሐ አባታችን ብለውኛል፣ የእህቴ ባልም ከሁላችን ይልቅ የተጎዳው እሱ ሆኖ ሳለ ብሎኛል። ሁሉንም አክብሬ ሰምቻለሁ። ይቅር ግን አላልኩም። ዛሬ ፀጉሬ ሸብቶ፣ ጡረታ ወጥቼ ይህን ስጽፍም አላልኩም። የሚያነበኝ ሰው የተጸጸተች አሮጊት ኑዛዜ የሚሰማ እንዳይመስለው።

እህቴ ታላቄ ነበረች፤ «እታለም» ነበር የምላት። ሳቋ ወንዝ ማዶ ይሰማል ይባልላት ነበር። አባታችን ከትምህርት ቤት ሊያስቀረኝ ባሰበ ጊዜ፣ «የእሷን ድርሻ እኔ እፈጫለሁ፣ እሷ ትማር» ብላ ያሸነፈችው እሷ ናት። እንዳለችውም ፈጨች። በኋላ ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ራቅ ብሎ ወዳለ አገር ተዳረች። ባሏ ገብስና ባቄላ የሚያርስ፣ ብዙ የማይናገር፣ ቅን ሰው ነበር።

ደርግ በገባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በእነሱ ቀበሌ ክሊኒክ ይሠራ ተባለ። ሰዉ ደስ ብሎት ወጣ። ወንዱ ድንጋይ ፈለጠ፣ ሴቱ ለጭቃ ማቡኪያ ውኃ ቀዳ። እታለምም እንስራዋን አዝላ ከወንዝ ዳገቱን ስትወጣ ከረመች። ዳገቱን ያልኩት ክሊኒኩ የተሠራው ጉብታ ላይ ስለሆነ ነው። ገበሬው ከታች፣ ከምንጩ አጠገብ ይሁንልን ብሎ ነበር። ግን በአብዮት በዓል የሚመረቅ ስለሆነ በመኪና የሚመጡት እንግዶች ከሩቅ እንዲያዩት ተፈልጎ ከላይ፣ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጎን ቆመ። ሥራውን የሚያዘው የክሊኒኩ ኃላፊ ሆኖ የተመደበው ሰው ነበር። በጉርምስናው ከተማ የኖረ፣ ካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ድሬሰር የሚሉት ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ ነው። ከእስቴ የመጣው አናጢ በሩን ሰፋ አድርጎ ሊያቆመው ሲል፣ «አጥብበው፤ ይኸ ሕዝብ እየተጋፋ ይገባብኛል» አለው። ከበሩ ገባ እንዳሉ ፊት ለፊት ግድግዳ አስቆመ፤ የሚገባው ሰው ሁሉ ወደ ቀኝ ታጥፎ በእሱ መስኮት ፊት እንዲያልፍ። ይህን የነገረኝ አናጢው ራሱ ነው።

እታለም ምጥ የያዛት ክረምት ላይ ነው። እኔ ትምህርት ቤት ተዘግቶ እሷን ልረዳ ሄጄ ነበር። ምጡ ጠና፣ ልጁ አልወርድ አለ፤ የሚያዋልዷት ባልቴት እጃቸውን ታጥበው ተነሡና «ከእኔ አልፏል፣ ውሰዷት» አሉ። ጎረቤት ቃሬዛ ይዞ መጣ። ባሏ ከፊት ተሸከመ። በጭቃው ላይ እየተንሸራተቱ፣ እየተቀባበሉ፣ ያንን ዳገት ወጡት። እኔ ከጎን ሆኜ ፊቷን በነጠላ ከዝናቡ እከልል ነበር። እሷ በየመካከሉ «ደረስን?» ትለኛለች፤ እኔ ደርሰናል እላታለሁ።

ደረስን። ደረጃውን ወጣን። በሩ ላይ ግን የቃሬዛው ወርድ አልገባ አለ። ወንዶቹ በጎን አዘነበሉት፤ እሷ ጮኸች። ወደፊት ገፋ ሲያደርጉት እንጨቱ ከውስጥ ያለውን ግድግዳ መታ። መልሰው አወጡት፣ ደግመው ሞከሩ። ያን ጊዜ ኃላፊው ወጣ። ምን ሆነች ብሎ አልጠየቀም፤ መጀመሪያ ያየው ጭቃውን ነው። ከዚያ፣ «ቃሬዛ እዚህ አይገባም። በእግሯ ትግባ። ከእሷም ጋር አንድ ሰው ብቻ» አለ።

ባሏ መቆም እንደማትችል በልመና ነገረው። ባልቴቷ እኔ ልደግፋት ብለው ሊገቡ ሲሉ «አንቺ ደግሞ የገደልሽው አይበቃሽም?» ብሎ መለሳቸው። ሰዎቹ ቃሬዛውን ከጣራው ክፈፍ ሥር አሳረፉት። ክፈፉ አጭር ስለሆነ ጠፈጠፉ የሚወርደው እሷ ላይ ነው። ባሏ ጋቢውን አውልቆ በላይዋ ዘረጋው። አቅፈን ልናስገባት ስናነሣት ደሙ መጣ። እዚያው ክፈፍ ሥር፣ በእጃችን ላይ አለፈች፤ ልጁም አብሮ። ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ፣ «ዘግይታችሁ ነው ያመጣችኋት» አለ።

ፊቱን አጠናሁት። ለቅሶው እንኳ ሳያልቅ፣ አንድ ቀን አንተም እዚህ ትተኛለህ አልኩ በልቤ። ይህን ለእናቴ ስነግራት አፌን በእጇ ያዘችው።

ትምህርቴን የገፋሁት በዚያ ቂም ነው። ሌሎች ልጃገረዶች ድካሙ ሲያሸንፋቸው ትተው ይሄዱ ነበር፤ እኔ ፊቱን አስብና እቀጥላለሁ። ጎንደር ሄጄ ጤና ረዳትነት ተማርኩ። እዚያ አንድ መምህር ነበሩ፤ መድኃኒት ከመስጠታችሁ በፊት ሕመምተኛው ከቤቱ እናንተ ዘንድ እንዴት እንደደረሰ ጠይቁት ይሉን ነበር። ክፍሉ ይስቅባቸዋል። እኔ አልሳቅሁም።

ስመረቅ የት መመደብ ትፈልጊያለሽ ሲሉኝ የዚያን ክሊኒክ ስም ጠራሁ። መንገድ የሌለው፣ ሰው የሚሸሸው ቦታ ስለነበረ ያበድኩ መሰላቸው። ደስ ብሏቸው ላኩኝ። ኃላፊው ያው ሰው ነበር፤ ትንሽ ወፍሯል። አላወቀኝም። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና፣ ሕዝቡ ኋላ ቀር ነው፣ ሴቶቹ እቤታቸው መሞትን ይመርጣሉ፣ የማዋለጃ አልጋው ከመጣ ጀምሮ ማንም አልተኛበትም አለኝ። እሺ እያልኩ ሰማሁት። ከአፉ የሚወጣውን ሁሉ እየያዝኩ ነበር።

ልጎዳው የምችልበት መንገድ ወዲያውኑ ተገኝቶ ነበር። የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር በዕድሜ የምትበልጣት የእህቴ ባልንጀራ ነበረች፤ እሷ አወቀችኝ። አንድ ቀን ከምንጩ ስንመለስ ቀስ ብላ፣ ይኸ ሰውዬ የውጭ ሬዲዮ ይሰማል፣ መንግሥትን ያማል ብለሽ ለካድሬው አንድ ቃል ጣል አድርጊ፤ በነጋታው እዚህ አይኖርም አለችኝ። እውነቷን ነው፣ በዚያ ዘመን ቃል ሰው ይገድል ነበር። ምራቄን ዋጥኩ። ግን እምቢ አልኳት። ደግ ስለሆንኩ አይደለም። እንዲያ ቢወሰድ ሰዉ ያዝንለታል፤ እሱም በግፍ ተያዝኩ እያለ ራሱን ያጽናናል። በሩም እንደ ጠበበ ይቀራል። እኔ የፈለግሁት ባልሠራው ሳይሆን በሠራው እንዲዋረድ ነው። ለምን እንደሆነም አውቆት።

ስለዚህ የሠራውን ማሳየት ነበረብኝ። በየቤቱ መሄድ ጀመርኩ። መጀመሪያ የጠየቅሁት ሞኝ ጥያቄ ነበር፤ ክሊኒክ ለምን አትመጡም እላለሁ፤ ሴቶቹ ደግሞ ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሥራ በዝቶብን ነው ይሉኛል። ለመንግሥት ሰው የሚሰጠውን መልስ ነው የሰጡኝ። ከዚያ መጠየቁን ትቼ አብሬያቸው ባቄላ መሸልቀቅ፣ ልጅ መያዝ ጀመርኩ፤ የወለደች ቤት ስሄድ የት ተንበርክከሽ ወለድሽ፣ ማን ከኋላ ያዘሽ፣ እሳቱ የት ነበር፣ አሳዪኝ እላለሁ። እያሳዩ ሲናገሩ አፋቸው ተፈታ።

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ላይ የሚሉት አናደደኝ። እኔ በሩን እንዲያነሡልኝ ነው የምፈልገው። እነሱ ግን ስለ መስኮቱ ያወራሉ፤ የማዋለጃው ክፍል መስኮት ወደ ገበያው መንገድ ነው፣ አህያ ነጂ ሁሉ ያየናል ይላሉ። ስለ ብርዱ ያወራሉ፣ እሳት የለም። አልጋው ከፍ ያለ ነው፣ እንደ በግ ሊያርዱን ያጋደሙን ይመስለናል ይላሉ። ከሁሉ በላይ የሚያስፈራቸው ግን እኔ ጨርሶ ያላሰብኩት ነበር። አንዲት ሴት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የእንግዴ ልጁን ከኋላ ጉድጓድ ይጥሉታል፤ ውሻ ያወጣዋል» አለችኝ። ቤቷ ቢሆን ከጓሮ በክብር ይቀበራል። ያ ያልተቀበረላት ሴት ደግማ አትወልድም ይባላል። ይህን ለክሊኒኩ ሰው የነገረ የለም፤ የጠየቀ አልነበረማ።

ጥር ላይ ውቂያው አልቆ አውድማው ባዶ ሆነ። የእህቴን ባል አውድማውን ለመንኩት፤ ለምን እንደሆነ ስነግረው እሺ አለ። ክሊኒኩን በገመድ ለክቼ፣ ግድግዳውን በድንጋይ ደርድሬ፣ በልኩ አውድማው ላይ አስቀመጥኩት። ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ሴቶቹን ጠራሁ። ቃሬዛ አመጣን። ሊቀመንበሯ ምጥ እንደያዛት ሴት ሆና ተኛችበት፤ ሌሎቹ ተሸክመው በድንጋዩ በር ሊያስገቡ ሞከሩ። እንጨቱ ድንጋዩን እየመታ አልዞር ሲላቸው መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ከመካከላቸው ያን ቀን እታለምን ከተሸከሙት ሰዎች ቤት የመጡ ነበሩ።

«እንግዲህ አንሡና እንደምትፈልጉት አድርጉት» አልኳቸው።

ድንጋዩን እየተሸከሙ ማዛወር ጀመሩ። በሩን ከፊት አንሥተው ከኋላ፣ ከገበያው ዓይን ወደተሰወረው አደረጉት። አሰፉት። የመግቢያውን ግድግዳ በሙሉ አወጡት፤ እሱን ስታወጣ አንዲቷ በእግሯ ነው የገፋችው። ምድጃ የት ይሁን በሚለው ተጣሉ። ወጣቶቹ አልጋ ይኑር አሉ፤ ትልልቆቹ መሬት ላይ ቁርበት ተነጥፎ የሚያዝ ገመድ ከወጋግራው ይውረድ አሉ። ሲነታረኩ ዋሉና ሁለቱም ይኑር፣ የምትወልደዋ ትምረጥ ተባለ። ለእናቷ ወይም ለአማቷ መቀመጫ መደብ ጨመሩ። የእንግዴ ልጁ የሚቀበርበት የታጠረ ቦታም ከምንጩ ርቆ ተለየ። እኔ ከዳር ቆሜ አያለሁ። ለእነሱ የሚሠሩት ቤት ነው። ለእኔ ግን እያንዳንዱ ድንጋይ በዚያ ሰውዬ ላይ የምወረውረው ነበር፤ ሲበዛ ደስ አለኝ።

ሰኔ ሲገባ ከንፋስ መውጫ አንድ የጤና ተቆጣጣሪ መጡ። ከአርብ ገበያ ከተማ ወዲህ በበቅሎ ነው የመጡት፤ ጉልበታቸውን እያሹ ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሰውና ሴቶቹ ደጁ ላይ ተሰበሰቡ። ኃላፊው የለመደውን ተናገረ፦ መንግሥት ሁሉን አሟልቷል፣ ሕዝቡ ግን በንቃት ወደ ኋላ ቀርቷል። ሲጨርስ እጄን አነሣሁ። አንድ የሚታይ ነገር አለ፣ ብዙ አይፈጅም አልኩ። ተቆጣጣሪው ፈቀዱልኝ። ቃሬዛው ተዘጋጅቶ ነበር። ተሸካሚዎቹንም እኔ ነኝ የመረጥኳቸው፤ እታለምን የተሸከሙት ናቸው፤ ባሏም ከፊት።

«ሕመምተኛ ሆኖ የሚተኛልን ሰው ያስፈልጋል» አልኩ። «ኃላፊያችን ቢተኙልን ነገሩ በደንብ ይታያቸዋል።»

ሰዉ ሁሉ አየው። እምቢ ቢል ምን ፈራ ሊባል ነው። ሳቅ ብሎ ተኛ፤ ኮቱን እንኳ አልፈታም። አነሡት። ማካፋት ጀምሮ ስለነበረ ደረጃው አንሸራትቷል። ቃሬዛው ወደ ኋላ ሲያዘነብል እንጨቱን ጨብጦ ያዘ፤ ሳቁ አለቀ። በሩ ላይ ቆሙ። አልገባም። በጎን አዘነበሉት፤ ሊወድቅ ሲል ትከሻው ከመቃኑ ተጋጨ። ወደፊት ገፉት፣ እንጨቱ ግድግዳውን መታ። ድምፁ ያው ድምፅ ነው። መልሰው አወጡት፣ ደግመው ሞከሩ። እኔ በሩ ላይ፣ እሱ በዚያን ቀን ቆሞበት ከነበረው ቦታ ቆምኩ።

«አውርዱኝ» አለ።

«ቃሬዛ እዚህ አይገባም» አልኩት። «በእግርዎ ይግቡ። ከእርስዎም ጋር አንድ ሰው ብቻ።»

ለሰዎቹ ክፈፉን አመለከትኳቸው። ከሥሩ አሳረፉት። ሊነሣ ሲል፣ «ትንሽ ይቆዩ፣ አልጨረስንም» አልኩት፤ ተቆጣጣሪው እያዩ ስለሆነ ተመልሶ ተጋደመ። ጠፈጠፉ ግንባሩ ላይ፣ ዓይኑ ላይ ይወርዳል። አየሁት። ያን ሁሉ ዓመት የጠበቅሁት ይህን ነበር፤ ከማር ይልቅ ጣፈጠኝ፤ ይህን ብል ውሸት አይደለም።

«ማነሽ አንቺ?» አለኝ ከታች ሆኖ።

«እዚህ የሞተችው ሴት እህት ነኝ» አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። አስታውሶ ይሁን፣ ወይም ከብዙዎቹ የትኛዋ እንደሆነች ጠፍቶት ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ እኔ ያላሰብኩት ሆነ። የእህቴ ባል ጋቢውን አውልቆ ጎንበስ አለና በሰውየው ፊት ላይ ከዝናቡ ከለለው። ልክ ያን ጊዜ ለእሷ እንዳደረገው። ማንም አላዘዘውም። ባልቴቷ አለቀሱ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ገና አልጠገብኩም ነበር። በኋላ ለምን አደረግኸው ብዬ ስቆጣው፣ «ዝናብ ነዋ» አለኝ። ለዚህም ቢሆን ብዙ ጊዜ አኩርፌዋለሁ።

ተቆጣጣሪው ብዙ አልተናገሩም። በሩን በክንዳቸው ለኩት፣ ደረጃውን ቆጥረው ወረዱ፣ ከዚያ ሴቶቹን የሚሉትን ጠየቋቸው። ሴቶቹም ተናገሩ፤ መስኮቱን፣ ብርዱን፣ የእንግዴ ልጁን። እንዲህ ያለ ነገር በወንድ ፊት ሲነገር ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። እንዲታደስ ትእዛዝ ሰጥተው ሄዱ። ሰዉ እንደገና ድንጋይ ተሸከመ፤ ከኋላ በኩል ሰፊ በር ተከፈተ፣ ቃሬዛ የሚወጣበት፣ ደረጃ የሌለው ዘንበል ያለ መንገድ ተደለደለ፣ ክፈፉ ረዝሞ በረንዳ ሆነ። የመግቢያውን ግድግዳ ሲያፈርሱ ዶማ አምጡ ብዬ መጀመሪያ የመታሁት እኔ ነኝ። ጉብታውን ግን ዝቅ ማድረግ አልተቻለም።

ወዲያው አልመጡም። መጀመሪያ የመጣችው የሊቀመንበሯ ምራት ናት፤ አማቷ ተከትላት ገባች፣ ባልቴቷም ገቡ፤ ምራቷ መሬቱን መረጠች፣ ገመዱን ይዛ ወለደች። ክሊኒኩ ውስጥ ገንፎ ተገነፋ። ሴቶቹ ደጁ ላይ ሲያጨበጭቡ እኔ ወደ ጓሮ ሄጄ ብቻዬን ቆምኩ፤ እታለምም እንዲህ ወልዳ ቢሆን ኖሮ የሚለው መጣብኝና ከደስታው ይልቅ ንዴቱ በረታ። ከዚያ በኋላ ሌሎችም መጡ። በምጥ የተነሣ ለቅሶ በዚያ አገር እየራቀ ሄደ። ከነጭራሹ ጠፋ አልልም።

ሰውየው የሚገባውን አገኘ ወይ ላለ ሰው፣ አላገኘም። በዚያ ዓመት መጨረሻ ሪፖርት ሲላክ ማሻሻያውን ያሰበው እሱ ነው ተብሎ ሄደ። ስብሰባ ላይ አጨበጨቡለት። ብዙም ሳይቆይ መኪና ወደሚገባበት ከተማ አዛወሩት። እኔን ደግሞ፣ በማን ምክንያት እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ፣ ሌላ ወረዳ ወረወሩኝ። ዕቃዬን ስሸክፍ ሊቀመንበሯ፣ ያን ጊዜ ለካድሬው ቃሉን ብትናገሪ ኖሮ አለችኝ። ያን ዕለት ምነው በተናገርኩ ብያለሁ።

ከዓመታት በኋላ፣ የደርግ ዘመን ሊያልቅ ሲል፣ ንፋስ መውጫ መኪና ስጠብቅ አገኘሁት። ሸምግሏል፣ ምርኩዝ ይዟል። እሱ ነው ያወቀኝ። መጥቶ ቆመና እጁን ዘረጋ።

«ያንን በር ጥሩ አድርገን ሠራነው እኮ» አለ።

እጁን አልጨበጥኩትም። ተዘርግቶ ትንሽ ቆየና ወደ ኪሱ ገባ። የእህቴን ስም ታውቀዋለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። በዙሪያችን ያሉት ተሳፋሪዎች ዞር ብለው ያዩት ነበር፤ ሽማግሌ ሰው በወጣት ሴት ፊት አንገቱን ደፍቶ መቆሙ ገርሟቸዋል። መኪናው መጣ። ስሟን ነገርኩት፣ ከነአባቷ። ድገመው አልኩት። ደገመው። ከዚያ ተሳፈርኩ።